እሺ ለወንድሙ የገጠመው የሞተር መሪ

የሞተር ሳይክል መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ «እሺ» ብሎ ነው የሚጠራው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም የትም አልጠፋም፣ መታወቂያው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በዚያ ስም ብትጠሩት ግን ዞር ብሎ ከኋላው የቆመ ሰው ይፈልጋል። እሺ የተባለው ምንም ቢጠይቁት እሺ ስለሚል ነው። ነገ ጠዋት ታደርስልኛለህ? እሺ። ሞተሬን እዚህ ላሳድራት? እሺ። አንዴ ጎረቤታችን አናጢው ቁም ሳጥን ላሳድርብህ ብሎት እሺ አለና ቁም ሳጥኑ ጋራዡ ውስጥ ወራት ከረመ። መጨረሻ ላይ እሺ ራሱ ቱታውን ይሰቅልበት ጀመር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የኔን ክፍልና የሱን ጋራዥ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው፣ እሱም ግድግዳ ከተባለ። ከዚያ ማዶ ቁልፍ ሲወድቅ እዚህ ማዶ መርፌዬ ይዘላል። ስለዚህ ይህን የማወራው አይቼ ነው፤ ያላየሁትንም በግድግዳው ሰምቼዋለሁ። አፈኛ ነሽ ይሉኛል። ይበሉ። ሁለት ሰዎች በአንድ በረንዳ ሲሠሩ አንደኛው ዝምተኛ ከሆነ የሌላው መናገር ግድ ነው።

እሺ የማይችለው ጥገና የለም አልልም። የኤሌክትሪክ ሥራ ሲመጣበት እጁን ያልበዋል። የታወቀው በመሪ ነው፤ ሞተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን መሪ ነቅሎ ሌላ በመግጠም። ሰው ለምን መሪ እንደሚያስቀይር ልንገራችሁ። አንዱ ቁመተ ረጅም ነው፣ አጎንብሶ መንዳት ወገቡን ይቆርጠዋል፣ ከፍ ያለ መሪ ይፈልጋል። ሌላው ጎረምሳ ነው፣ ዝቅ ያለ ይፈልጋል፣ ወገቡ እስኪቆረጥ ድረስ። ሌላው ደግሞ የቆመ መኪና ገጭቶ አጣሞታል፣ ሲጠየቅ ግን «መኪናው ነው የገጨኝ» ይላል። እሺ ለሁሉም እኩል ራሱን ይነቀንቃል።

መሪ መቀየር ለሚያይ ሰው አራት ብሎን ፈትቶ መልሶ ማሰር ይመስላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጣጣው ያለው ከብሎኑ በኋላ ነው። የፋብሪካው መሪ ላይ በግራም በቀኝም አንዳንድ ትንንሽ ቀዳዳ አለ። የመብራቱና የክላክሱ ማብሪያ ያለበት ዕቃ በውስጡ ጥርስ አለችው፤ ጥርሷ እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ገብታ ነው ዕቃውን ቀጥ አድርጋ የምትይዘው። ለብቻው የተገዛ መሪ ይህ ቀዳዳ የለውም። ሰነፍ መካኒክ ጥርሷን ቆርጦ ይጥልና ይገጥመዋል፤ ውሎ አድሮ ነጂው ክላክስ ልንፋ ሲል ዕቃው ሁሉ እጁ ላይ ይሽከረከራል። እሺ ጥርስ ቆርጦ አያውቅም። ነጂውን ሞተሩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ዓይንህን ጨፍን ይለዋል፣ ከዚያ እጁ ራሱ ሄዶ የሚያርፍበትን ቦታ በጠመኔ ያሰምራል። የሚበሳው እሱን ካየ በኋላ ነው። እኔም ትከሻ ስለካ እንደዚያ ነኝ። ሰው ልለካህ ሲሉት ደረቱን ይነፋልና እስኪረሳው ድረስ ሌላ ወሬ ማውራት አለብኝ።

ሁለተኛው ጣጣ ገመድ ነው። መሪው ከፍ ሲል በግራ እጅ እየተጨበጠ ማርሽ የሚቀየርበት የፍሪሲዮኑ ገመድ፣ የነዳጅ መስጫውም ገመድ ያጥራል። ካጠረ ወይም በማይሆን መንገድ ካለፈ፣ ነጂው መሪውን ባጠፈ ቁጥር ገመዱ ይሳባል፤ ሞተሩ ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው በራሱ ጮሆ ሊወረወር ይችላል። ስለዚህ እሺ ሥራውን ሲጨርስ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ጥግ ድረስ ወደ ግራ ያዞርና ያዳምጣል፣ ጥግ ድረስ ወደ ቀኝ ያዞርና ያዳምጣል። ያኔ እኔም የስፌት መኪናዬን አቆማለሁ፣ ካላቆምኩ «እባክሽ እህቴ» ይለኛል። ድምፁ ካልተለወጠ ሥራው አለቀ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማሩት ታላቅ ወንድሙ ናቸው። እሱ «ጋሼ» ስለሚላቸው እኛም ጋሼ እንላቸዋለን። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሺ ገና የወተት ጥርሱ አልረገፈም፤ ጋሼ ደግሞ ሚስት ሊያገቡ ደርሰው ነበር። እጮኛቸው «ልጁን ለዘመድ ስጠው» አለቻቸው፣ እሳቸው እሷን ለዘመዶቿ መለሷት። ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ። ኋላ ሌላ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፣ ሚስታቸው ግን አልቆየችላቸውም። ጋራዡንም የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ወንድማቸውን ብሎን እያስለቀሙ አሳደጉት፣ አስተማሩት፣ ወገባቸው አልታጠፍ ሲላቸው ጋራዡን አስረክበውት በሞተር እንቁላል ማመላለስ ጀመሩ።

እንቁላል በሞተር ሲባል ሰው ይስቃል። ጋሼ ግን ከከተማው ዳር ካለው የዶሮ እርባታ ተነስተው፣ የካርቶኑን ቁልል ከኋላ በላስቲክ ጠፍረው፣ ጉድጓድ ሲያገኙ ከኮርቻው ብድግ እያሉ፣ አንድም ሳይሰበርባቸው ሱቅ ለሱቅ ያደርሱ ነበር። ባለሱቆች የሌላውን እንቁላል እያገላበጡ ያያሉ፣ የጋሼን ግን ተቀብለው ዝም ብለው ይደረድራሉ። እሳቸው ይቺን ነገር በጣም ይወዷታል። ልጃቸው «አባባ፣ አሁንስ ቤት ይረፉ» ስትላቸው «ተቀምጬ ማን ልባል?» ነው መልሳቸው።

ጋሼ ለጋራዡ ያወጡት አንድ ደንብ ነበር፣ እሺም እስከዛሬ ይሠራበታል። ለደንበኛ «ጥፋቱ ያንተ ነው» አይባልም። «ሞተሯ ናት» ነው የሚባለው። ያለ ዘይት የነዳ፣ ግድግዳ የገጨ፣ ፍሬን ረግጦ ማንሳት የረሳ፣ ሁሉም «ሞተሯ ናት» ተብሎ ይሸኛል። «ሰውየው ቤቱ ሲገባ ራሱ ይደርስበታል፣ እኛ ምን አገባን» ይላሉ ጋሼ። እኔ በዚህ ደንብ ሁልጊዜ እናደድ ነበር። ሰውነቷ ሰፍቶ ቀሚሷ የጠበባትን ሴት «ጨርቁ ነው የጠበበው» ብዬ ብሸኛት ምን ልትለብስ ነው?

አንድ ቀን ጋሼ መጡና «ይሄ መሪ ዝቅ አለብኝ መሰለኝ፣ ግራ እጄን ያደነዝዘኛል» አሉ። እሺ አለና ከፍ ያለ ገጠመላቸው። ጋሼ ነድተው ተመልሰው «አሁን ሰው ሆንኩ» አሉ። ደስ አለን። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። አሁን ደግሞ ሰፋባቸው፤ ክንዳቸውን ይከፍተዋል፣ ፍሪሲዮኑን ለመጨበጥ ያስቸግራል።

ሁለተኛውን መሪ ሲገጥም እዚያው ነበርኩ። ጋሼ ሞተሩ ላይ ወጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እጃቸው ቀጥ ብሎ ሄዶ መጨበጫው ላይ አረፈ። ግራው ግን ተነሳ፣ መሪው አጠገብ ደረሰ፣ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ይንቀጠቀጣል። ጣቶቹ ለመታጠፍ ያሰቡ ይመስላሉ፣ አይታጠፉም። እሺ ጠመኔውን ይዞ ጠበቀ። ጋሼም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ጠበቁ። እጁ አላረፈም። በመጨረሻ እሺ እጁ ሊያርፍበት ይገባ የነበረውን ቦታ ራሱ ገምቶ አሰመረና «ይበቃል ጋሼ፣ አገኘሁት» አለ።

ልጃቸው ሐኪም ዘንድ እንደወሰደቻቸው ከራሷ ሰማሁ። ሐኪሙ የነርቭ በሽታ ነው አለ። ክኒን ሰጣቸው፤ ክኒኑ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም፣ ሞተር መንዳት ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር አላቸው። ጋሼ ስለ ሐኪሙ «ሞተር ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው» አሉና ነገሩን ዘጉት። ለሦስተኛ መሪ ሲመጡ ጥያቄያቸው መጨበጫው ቀጠነብኝ የሚል ነበር። እሺ መሪውን ቀይሮ መጨበጫውን ቀጭን ጎማ ደራርቦ አወፈረላቸው። የፍሪሲዮኑን ገመድ ዘይት አጠጣው፣ እጀታውን ወደ መሪው አስጠጋው፣ በቃ ከዚያ በላይ የሚላላ ነገር የለም። እኔ በሁለት ጣት ስሞክረው ቅቤ ነው።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ወደኔ ጎራ አሉ፣ የሱሪያቸው ጉልበት ተቀዶ። «ሚስማር ያዘኝ» አሉ። ሱሪውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። ሚስማር ጨርቅን ይቀደዋል፣ ጠርዙም ንጹሕ ነው። አስፋልት ደግሞ ይበላዋል፤ ክሩን ሁሉ አመድ አስመስሎ ያሻክረዋል። ይሄ ተበልቷል። በተበላው ዳር ዳር የደረቀ የእንቁላል አስኳል ነበረበት። ከውስጥ እራፊ ጨርቅ አድርጌ ሰፋሁት። ሲወጡ «ለእሱ አትንገሪው» አሉኝ።  በማግስቱ ጠዋት ነገርኩት።

«ወንድምህ እየወደቁ ነው» አልኩት።

«እሺ» አለ።

«እሺ ምን ማለት ነው?»

«ሰምቻለሁ ማለት ነው።»

«ከሰማህማ ንገራቸው። ዛሬ እንቁላሉ ነው፣ ነገ እሳቸው ናቸው፣ ከነገ ወዲያ መንገድ የሚሻገር የሰው ልጅ ነው። 'ጋሼ፣ ይብቃዎት' ማለት ያቅትሃል?»

ቁልፉን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ ቁልፉ ንጹሕ ነበር። «ወንድም አለሽ?» አለኝ።

«አለኝ።»

«አሳድጎሻል?»

«እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ እስከዛሬም አላደገልኝ።»

አልሳቀም። «ሞተር ያስተማሩኝ ጊዜ» አለ፣ «ኮርቻውን ከኋላ ይዘው እየሮጡ ነው። ስንት ጊዜ ወደቅኩ መሰለሽ። አጥር ውስጥ ገብቻለሁ፣ የሰው በር ገጭቻለሁ። አንድም ቀን 'አትችልም፣ ውረድ' አላሉኝም። እያነሱኝ 'ሞተሯ ናት' ነው የሚሉኝ። አሁን እኔ ምን አፍ አለኝና ውረድ ልበላቸው?»

 ወደ ክፍሌ ገብቼ የሰው እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።

አራተኛውን መሪ ጋሼ ራሳቸው ገዝተው በጨርቅ ጠቅልለው አመጡት። ጫፎቹ እንደ ብስክሌት ወደ ኋላ የተመለሱ ናቸው። «ይሄ ወደኔ ይመጣልኛል፣ እኔ ወደሱ አልሄድም» አሉ፣ ፊታቸው ፈክቶ። ሞተሩን ከነመሪው ትተው በእግራቸው ሄዱ። እሺም ያው እሺ ብሎ ነው የተቀበላቸው።

ያን ቀን በሩን ገርበብ አድርጎ ሲሠራ ዋለ። መብሻው ትራፓኖ ሲጮህ፣ ብሎን ሲጠብቅ እሰማለሁ። አመሻሽ ላይ ሞተሩን አስነሳ። እኔም እንደ ልማዴ ስፌቴን አቆምኩ። ወደ ቀኝ ሲያዞር ድምፁ ያው ነው። ወደ ግራ ሲያዞር ሞተሩ ጮኸ። ያስተካክለዋል ብዬ ጠበቅኩ። ደግሞ ወደ ግራ አዞረው፣ ጮኸ። ከዚያ አጠፋውና ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ተነስቼ ገባሁ።

«ገመዱ ይሳባል» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«አታስተካክለውም?»

«አላስተካክለውም።»

ከዚህ ሰው አፍ እምቢታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደንግጬ የሞርሳው ጠረጴዛ ላይ ተደገፍኩ። ያሰበውን ነገረኝ። ገመዱን ሆን ብሎ በማይሆን መንገድ አሳልፎታል። ነገ ጋሼ ሲመጡ ጩኸቱን ያሰማቸዋል፤ ሞተሯ ከእንግዲህ ምንም መሪ አትቀበልም፣ አርጅታለች፣ ለነጂ አደጋ ናት ይላቸዋል። እሳቸውም ትተዋት ይሄዳሉ።

«ሞተሯ እምቢ ትበል ነው የምትለው፣ አንተ አትበል?»

«አዎ» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

ልናደድ ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም። መሪ ሲገጥም የአንዲት ፀጉር ያህል ከዘነበለ ነቅሎ የሚደግም ሰው ነው። ሥራውን አውቆ ሲያበላሽ ምን ያህል እንደከበደው ፊቱ ይናገራል። ይሁን፣ ሥራ ተበላሽቶ ሰው ከተረፈ ምን አለበት ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ጋሼ ሄልሜታቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። የሰፋሁላቸውን ሱሪ ለብሰዋል። የሞተሩን ፀጉር እንደሚያበጥር ሰው መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱና «አምሮበታል» አሉ። አስነሱት። ወደ ቀኝ አዞሩ፣ አዳመጡ። ወደ ግራ አዞሩ፣ ሞተሩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ሞተሯ አልተቀበለችውም» አለ እሺ። ሲለማመደው ያደረ ነው፣ ቃሉ ተከታትሎ ወጣለት። «አርጅታለች። ከእንግዲህ መሪም ቢቀየርላት...»

ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። «ባትሪ አብራልኝ» አሉ።

የፊት ጎማውን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። እሺ አበራላቸው። ጋሼ ከነዳጅ ታንኩ ሥር ገብተው ሲያዩ ቆዩ። ሲነሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ገመዱ በአንገቷ ውስጥ ነው የሚያልፈው» አሉ። «አንተ በውጭ ነው ያሳለፍከው።»

እሺ ባትሪውን አጠፋ።

«ይሄን ስሕተት የሚሠራ ሰው እኔ አላስተማርኩም። ቁልፍ ስጠኝ።»

ሰጣቸው። መሪው ካልተነሳ ገመዱ አይመለስም። የመሪውን ማሰሪያ ፈቱ፤ መፍታቱ አላስቸገራቸውም፣ ቁልፉ ብሎኑን ከያዘ በኋላ ጉልበት ነው የሚጠይቀው። ገመዱን በትክክለኛው መንገድ መለሱት፣ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው እንጂ መለሱት። ከዚያ ብሎኑን መልሶ ማስገባት መጣ። ብሎን በመጀመሪያ በጣት ነው የሚገባው፤ ጥርሱ ጥርሱን እስኪያገኝ በስሱ ማሽከርከር ይፈልጋል። ጋሼ ብሎኑን ወደ ቀዳዳው አስጠጉ። ጣታቸው ከቀዳዳው ዳር ዳር ዞረ። ወደቀ።

ጎንበስ ብለው አነሱት። ቀኝ እጃቸው ማሰሪያውን ከመሪው ጋር ገጥሞ መያዝ አለበት፣ ብሎኑ ለግራው ቀረ። ደግሞ ወደቀ፣ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ተንበርክከው ፈልገው አወጡት። እሺ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። «ላግዝዎት» ቢላቸው ነገሩን መናገሩ ነውና አላላቸውም። አንድ ደንበኛ በር ላይ መጥቶ ሊጣራ ሲል በእጄ ምልክት መለስኩት። ብሎኑ ሲወድቅ ሲነሳ፣ እኛ ሁለት ሙሉ ሰዎች እንደ ግድግዳ ቆመን አየን። እንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት።

በመጨረሻ ጋሼ ብሎኑን መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው የተገለበጠው ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

«አራተኛው መሪ ነው አይደል?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«የቱ ላይ ነው ያወቅከው?»

እሺ መሬት መሬት አየ። «ሁለተኛው ላይ።»

«እኔ መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት አውቄዋለሁ» አሉ ጋሼ።

እሱ እንደማይጠይቅ ስለማውቅ እኔ ጠየቅኩ። «ታዲያ ለምን ይመጡ ነበር ጋሼ?»

«እንዲነግረኝ ነዋ።» ለኔ ነው የመለሱት፣ የሚያዩት ግን እሱን ነው። «ሐኪሙ ነግሮኛል። ልጄ እያለቀሰች ነግራኛለች። ማታ እሺ እላታለሁ፣ ጠዋት ስነሳ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ አገኘዋለሁ። ራሴን በራሴ ማውረድ አቃተኝ። እሱ በቃህ ካለኝ ግን እወርዳለሁ አልኩ፣ ከዚህ ወዲያ የምሰማው ሰው የለኝም። መጣሁ፣ እሺ አለኝ። ደግሞ መጣሁ፣ እሺ አለኝ። ትናንት ይሄን መሪ ገዝቼ ስመጣ፣ ይሄንስ እምቢ ይለኛል፣ ይሄማ የብስክሌት መሪ ነው አልኩ።»

ብሎኑን መዳፋቸው ውስጥ አገላበጡት።

«ዛሬ በገመድ ነገርከኝ» አሉት። «አፍ ያለህ ወንድሜ አይደለህም? በአፍህ ንገረኝ።»

እኔ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ እኔ ልንገርዎት፣ ይውረዱ» አልኩ። «በእግዜር ይሁንብዎ፣ ዛሬውኑ ይውረዱ።»

«ሰማሁሽ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፣ በፍቅር። «ያንቺ ግን አያወርደኝም።»

እሺ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ጠበቁ። እሱም ሊናገር እንደሆነ አየሁ። ከንፈሩ ተከፈተ። በልቤ ንገራቸው፣ ንገራቸው እላለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አጠገቡ ስሠራ እንደዚያን ቀን አዝኜለት አላውቅም፤ በጥፊ ባጮለውም ደስ ይለኝ ነበር።

«ብሎኑን... ላስገባው ጋሼ?» አለ።

 ጋሼ መዳፋቸውን ከፍተው ብሎኑን ዘረጉለት። «እሺ» አሉ።

አስገባው። እንዴት አድርጎ እንደሠራው ብነግራችሁ። ማሰሪያዎቹን አስተካከለ፣ የፊቶቹን ብሎኖች አስቀድሞ፣ የኋላዎቹን አስከትሎ በየተራ አጠበቃቸው። ማብሪያዎቹን በቀዳዳቸው አስቀመጠ። ገመዱን ተከትሎ በጣቱ እየዳሰሰ የሚነካካው ነገር እንደሌለ አረጋገጠ። አስነስቶ ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ፣ ሞተሩ አንድ ዓይነት ድምፅ ነበረው። ከዚያ ሥራ በላይ የጠራ ሥራ ከዚያ ጋራዥ ሲወጣ አላየሁም።

ጋሼ ሄልሜታቸውን አጠለቁ። የአገጩን ማሰሪያ መቆለፍ አቃታቸውና አገጫቸውን ቀና አድርገው ቆሙ። እሺ ቀረብ ብሎ ቆለፈላቸው፣ ጣቱን በማሰሪያውና በጉሮሯቸው መካከል አስገብቶ እንዳያንቃቸው ለካ። ሁለቱም አልተያዩም። ጋሼ ሞተሩ ላይ ወጡ፣ ግራ እጃቸውን በቀኝ እጃቸው አንስተው ፍሪሲዮኑ ላይ አስቀመጡት፣ ማርሽ አስገቡና ወጡ።

በረንዳው ላይ ቆመን አየናቸው። ቀጥ ብለው ሄዱ፣ አነዳዳቸው ያምራል። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ቀስ አሉ፣ ታጠፉ፣ ከዓይናችን ጠፉ። ወዲያው ሞተሩ እንቅ ብሎ ጠፋ። ግራ እጃቸው ፍሪሲዮኑን መጨበጥ አቅቶት ነው። የመኪና ክላክስ ተነፋ። እሺ የበረንዳውን ምሰሶ ያዘ። እኔ ጆሮዬን ወደዚያ ሰጥቼ የሚከተለውን ድምፅ መስማት ፈራሁ። ቆይቶ ሞተሩ ተነሳ፣ ትንሽ አጓራ፣ ድምፁ እየራቀ ሄደ።

«ጋሼ፣ በቃዎት» አለ እሺ። «እጅዎ እምቢ ብሏል። ይውረዱ።»

ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሳይንተባተብ ነው የተናገረው። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።